«ስዕል የትም አይሄድም» የተባለው ነገር

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት የ10ኛ ክፍል ወላጆች ስብሰባ ነበረን፣ እዚሁ አራት ኪሎ። ልጆቹ ለ11ኛ ናቹራል ወይ ሶሻል ብለው የሚመርጡበት ጊዜ ደርሷል። የኔዋ ስዕልም ሕክምናም ትወዳለች፤ አንዱን ለወግ አይደለም፣ ሁለቱንም ከልቧ ነው። ተነሥቼ «እንዲህ ያለች ልጅ ምን ትምረጥ?» ብዬ ጠየቅኩ። መድረክ ላይ የነበሩት መምህር ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ «እናት፣ ናቹራል ያስገቧት፤ ስዕል የትም አይሄድም» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው። ማታ የባዮሎጂ ደብተሯን ገለጥኩት። ለሁለት የተሰነጠቀ ልብ ስላ አገኘሁ። የግራው ግድግዳ ከቀኙ እንደሚወፍር በጥላ አሳይታለች፤ ቫልቩን የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች ሳይቀሩ አሉ። ከ10 8 ተሰጥቷታል። ዳሩ ላይ በቀይ «ጥላ አያስፈልግም» ተብሎ ተጽፏል። ልጄ ያንን ገጽ ለማንም አላሳየችም፤ እኔም ያገኘሁት በድንገት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ የትም የማይሄድ ነገር እንዲህ ነው?

የሒሳብ መምህር፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፤ መምህሩ ግን ልክ ናቸው። ከናቹራል ተነሥቶ ስዕል መማር ይቻላል። ከሶሻል ተነሥቶ ሕክምና መግባት አይቻልም። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያልተፈተነ ልጅ ሕክምናን በፎርሙ ላይ እንኳ አያየውም። በሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ነው የምትፈተነው። አንደኛው በር ሁለቱንም ያስገባል፣ ሌላኛው አንዱን ብቻ። ይኼ የስሜት ጉዳይ አይደለም።

ከሰልና ወረቀት፦
መምህር፣ ስለ በሩ እስማማለሁ። አምስት ኪሎ፣ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንገባ ከእኔ ጋር የናቹራል ልጆች ነበሩ፣ እውነት ነው። የምከራከርዎት «የትም አይሄድም» በምትለዋ ላይ ነው። ይሄዳል። እጅ ይሄዳል። ለመግቢያ ፈተናው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ፊት ለፊት ያለውን ነገር በሰዓቱ መሳል ይጠበቅብዎታል። ሁለት ዓመት እርሳስ ያልነካ ልጅ ያኔ ይታወቃል፤ የማሰሮው አፍ ሞላላ መሆኑ ይጠፋበትና ክብ ይስለዋል። ዓይኑ ያየውን ትቶ በጭንቅላቱ የሚያውቀውን ይስላል። ይህን ለማስተካከል ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደግሞስ የት ይለማመድ? «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባለው ትምህርት 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። 9ኛና 10ኛ ላይ ስዕል የሚባል ነገር የለም። ልጅቱ አሁን ራሱ ሁለት ዓመት ያለ አስተማሪ ስትስል ቆይታለች። የልቡን ስዕል የሠራችው ብቻዋን ነው።

የሒሳብ መምህር፦
እጅ ይለመዳል። የጠፋ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ግን አይመለስም። ውጤቱን ረሳችሁት እንዴ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነው። 2015 ከዚያም አነሰ። 2016 ላይ 5.4 በመቶ ደረሰ። እኔ እነዚያን ልጆች አስተምሬ ፈተናቸውን ያየሁ ሰው ነኝ። «ሁለቱንም» የሚል ልጅ ስንቱን አጥቶ እንደወጣ አይቻለሁ። አንዱን ያዝ፣ ያንን አድን ነው የምለው።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
መምህር፣ እንዳትወድቅብኝ ብለው ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ግን «አድን» ሲሉ የልጄ የቱ ግማሽ እንደሚቀር እየነገሩኝ ነው።

ያኔ ኢንተርን የነበርኩ፦
ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው ከተመረቅኩ። አናቶሚ ስንማር ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባል የነርቭ መረብ አለ፤ ሐኪም የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከአንገት አምስት ሥር ይወጣል፣ ወደ ሦስት ግንድ ይሰበሰባል፣ ስድስት ይከፈላል፣ እንደገና ሦስት ገመድ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ አምስት ዋና ነርቭ ሆኖ ወደ ክንድ ይወርዳል። ክፍላችን በሙሉ በግጥም ሊሸመድደው ሞከረ። አንድ ልጅ ብቻ በአራት ቀለም እስክሪብቶ እየሳለ ያጠናው ነበር። የፎርማሊኑ ሽታ ዓይናችንን እያቃጠለን አስከሬኑ አጠገብ ቆመን መምህሩ በወረንጦ አንዱን ክር ሲያነሡ የትኛው ነርቭ እንደሆነ የለየው እሱ ብቻ ነው። እኛ ቁጥሩን ነበር የምናውቀው፣ እሱ መንገዱን ያውቀው ነበር።

እና እህቴ፣ ናቹራል ትግባ። እርሳሱን ግን ማንም እንዳይነጥቃት።

የባዮ መምህርት፦
በቀይ የጻፈው መምህር እንዲህ ከመወቀሱ በፊት አንድ ነገር ልበል። በባዮሎጂ ስዕል ጥላ አይገባም። መስመሩ አንድና ጥርት ያለ ይሆናል፣ የስያሜ መስመሮች እርስ በርስ አይቆራረጡም፣ እርሳሱ ይቀረጻል። ይሄ ደንብ ነው፣ ጭካኔ አይደለም። ጥላ ያምራል፤ ግን ድንበሩን ያደበዝዛል። አንዱ ሕብረ ሕዋስ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደጀመረ ማሳየት ነው የሚፈለገው። እኔም ብሆን 8 ነበር የምሰጣት።

ከሰልና ወረቀት፦
እኔ ደግሞ 8ቱን ሰጥቼ ከጎኑ «ጎበዝ» እጽፍ ነበር። የአንድ ቃል ጉዳይ ነው። «ጥላ አያስፈልግም» የተባለች ልጅ የምትሰማው «የባዮሎጂ ስዕል ደንብ ሌላ ነው» የሚለውን አይደለም። የምትሰማው «አንቺ አታስፈልጊም» ነው።

የባዮ መምህርት፦
በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለኝ ታውቃለህ? ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ልጻፍ?

ከሰልና ወረቀት፦
አንድ ቃል አልኩ እኮ እትዬ፣ ደብዳቤ አላልኩም።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
«ስዕል የትም አይሄድም» ሲባል ሰውነቴ ነው የሚነደው። እኔ ስዕል የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ዶሮ ማነቂያ አንድ ታፔላ ጻፊ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሰውዬው የ«ሀ»ን እግር በአንድ ብሩሽ ጎትቶ ያወርደዋል፣ ሁለተኛ አይነካውም። ቀለሙን በወተት ቆርቆሮ ይበጠብጣል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በነጻ ያስተምረን ነበር። 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ሰፈሩ ሙሉ ተነሣ። ሰውዬው ዛሬ የት እንደሆነ አላውቅም። ለሰፈር ልጅ ስዕል ማለት ያ ቤት ነበር። ሄደ!

የጣይቱ ሆቴል ጎረቤት፦
የኮሪደር ልማቱን እዚህ ምን አመጣው? ሰፈሩ ሽንት ቤት እንኳ ያልነበረው ነበር። የሰው ኑሮ ሲስተካከል ሁልጊዜ ማልቀስ ልማድ ሆነ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ሽንት ቤቱ ይሠራ አልኩ እንጂ አይሠራ አላልኩም። አንተ ከግቢህ ያልተነሣህ ሰው ስለ ተነሣው አትንገረኝ። ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም የሄደ ልጅ ከትምህርት በኋላ ፒያሳ መጥቶ ብሩሽ ይይዛል? የታክሲው ከማን?

የጣይቱ ሆቴል ጎረቤት፦
እኔንም ነክቶኛል፤ የወንድሜ ሱቅ ፈርሷል። ሳታውቅ አትናገር።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ወንድሞቼ፣ በልጄ ስም ተጀምሮ ፒያሳ ደረስን። ሁለታችሁም ያጣችሁትን እግዜር ይተካ።

ጋሽ የስድስት ኪሎው፦
ለመምህሩ አንድ ነገር ላስታውስ። አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር። ልጅ ነበር ገና። እዚያ ደርሶ ወደ ስዕል ዞረ፤ ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የዚያ «ተሳሳተ» የተባለ ምርጫ ፍሬ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እርሻ ጀምሮ ነው ትቶት የወጣው። ከዚያ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄደ። ተመልሶ እዚህ ስዕል አስተማረ፣ ግጥሙም ስዕሉም አሁን ድረስ አለ፤ ስድስት ኪሎ በስሙ ሙዚየም ተከፍቶለታል። ሁለቱም ሳይንስ በኩል ገብተው ስዕል ጋር የወጡ ናቸው።

የሒሳብ መምህር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የጠቀሷቸው ሁለቱም የእኔን ክርክር ነው የሚያግዙት። በሳይንስ በኩል ስለገቡ ነው መዞር የቻሉት። ሁለተኛ፣ ያኔ መንግሥት መርጦ፣ ከፍሎ ባሕር ማዶ የሚልክበት ዘመን ነበር። የዛሬዋ ልጅ ከማን ጋር ትዞራለች?

ጋሽ የስድስት ኪሎው፦
የመዞሩን ዕድል ከሰጠሃት ትዞራለች። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አፈወርቅ እንግሊዝ ሲደርስ እርሳስ መያዝ ረስቶ ቢሆን ወዴት ይዞር ነበር? ልጅ ሆኖ ያየውን ሲስል ነው ያደገ። «የትም አይሄድም» ተብሎ የተቀመጠ ቢሆን ማዕድን መሐንዲስ ሆኖ ይመለስ ነበር።

የሒሳብ መምህር፦
ማዕድን መሐንዲስም ያስፈልገን ነበር ጋሼ።

ያኔ ኢንተርን የነበርኩ፦
ውጭ አገርም ብትሉ ፍራንክ ኔተር አለ። አናቶሚን በእሱ ስዕል ያላጠና ሐኪም እዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። ሰውዬው መጀመሪያ የስዕል ተማሪ ነበር፤ ቤተሰቡ፣ በተለይ እናቱ፣ ሐኪም እንዲሆን ስለፈለጉ ሕክምና ተምሮ በ1931 እንደ ፈረንጆች ተመረቀ። ክሊኒኩ ብዙ አልቆየም፤ የሰውን አካል መሳል ላይ ሙሉ ጊዜውን አዋለ። ሁለቱን ስለያዘ ነው ያንን ሥራ የሠራው። ሠዓሊ ብቻ ቢሆን ነርቩ የት እንደሚያልፍ አያውቅም፣ ሐኪም ብቻ ቢሆን አይስለውም።

ቀለም ሻጯ፦
ሁላችሁም ስለ ትላልቅ ሰዎች ታወራላችሁ። ሐኪሙስ ምን እየበላ ነው? ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ብለው የጮኹትን ሰምተን የለ? ልጅቱን «ሕክምና ያድናታል» ብላችሁ ስትገፏት የትኛውን መዳን ነው? ከስድስት ዓመት በላይ ተምራ፣ ሌሊት ተረኛ ሆና፣ ቤት ኪራይ ሳትችል ልትቀር ነው። ያኔ ስዕሉም የለ፣ ደመወዙም የለ።

ያኔ ኢንተርን የነበርኩ፦
እውነት ነው፣ ደመወዙ አሳፋሪ ነው፤ እኔም ከጮኹት አንዱ ነኝ። ግን ልጅቱ ሕክምናን የወደደችው ለደመወዝ አይደለም። የልብ ግድግዳ ለምን እንደሚወፍር ያስገረማት ልጅ ናት። ግራው ደምን ለመላ ሰውነት ስለሚገፋ ነው፣ ቀኙ ለሳንባ ብቻ። ይህን ሳይነገራት በጥላ ያሳየች ልጅ ሐኪም ብትሆን አገር ያተርፋል።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
መጀመሪያ ስዕል ተምራ፣ ከዚያ ሕክምና መግባት አይቻልም? ዲግሪ ላላቸው የሚሰጥ ሕክምና አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ያኔ ኢንተርን የነበርኩ፦
በ2004 የተጀመረው ለሳይንስና ለጤና ዲግሪ ያላቸው ነው። የስዕል ዲግሪ ይዛ አትገባም። በዚህ በኩል መምህሩ እውነታቸውን ነው፤ በሩ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው።

የሒሳብ መምህር፦
ይኸውላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ነው የምለው።

ከሰልና ወረቀት፦
በሩን ተውት አልኩዎት እኮ መምህር፣ እሱን ተስማምተናል! ናቹራል ትግባ። የማልስማማው «የትም አይሄድም» ተብሎ ከዚያ በኋላ ማንም ዘወር ብሎ ሳያያት መቅረቱ ላይ ነው። ቃሉ ለወላጅ ማረፊያ ነው፤ «ይቆያል» ተብሎ ወላጅ ቤቱ ይገባል። ለልጅቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ስጧት ብትሉ ኖሮ አላኮርፍም ነበር። እኔ ራሴ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ልጆች አስተምራለሁ፤ በነጻ ትምጣ።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ፎርሙ ሰኞ ነው የሚመለሰው። ናቹራል እንደምትሞላ ከእሷ ጋር ትናንት ተነጋግረናል፤ «እማ፣ ስዕሉንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ ከሰዓት አመጣታለሁ።

የሒሳብ መምህር፦
እህቴ፣ ከ11ኛ ጀምሮ እኮ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ማጠናከሪያ አለ። ሦስቱም የሳይንስ ትምህርቶች ቅዳሜ ናቸው። እንዳትቀር።

ከሰልና ወረቀት፦
ይኸው፣ ሄደ እኮ መምህር! እርስዎ ራስዎ አሁን ወሰዱት።

የሒሳብ መምህር፦
እኔ አልወሰድኩም። ፕሮግራሙ ነው።

የባዮ መምህርት፦
እሑድስ?

የአራት ኪሎዋ እናት፦
እሑድ እስከ ስድስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነን። ከዚያ በኋላ ግን ይቻላል። ወንድሜ፣ እሑድ ከሰዓት አለህ?