መኪናው ከዕረፍት ተነሣ፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማር ይቅር ወይስ ይቀጥል?

አወያዩ፦
የዛሬው መከራከሪያ አጭር ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለዋውጧል፤ የ9ኛ ክፍሉ ደፍ ግን እዚያው ተቀምጧል። ይነሣ? ከተነሣስ በምን ይተካ? ስድብ የጻፈ ይወጣል።

የፊዚክስ መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እኔ ደፉ ላይ ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ለ9ኛ ክፍል በሰጠሁት ፈተና ውስጥ መኪና ቆሞ ከነበረበት ተነሥቶ በስድስት ሰከንድ ውስጥ የሚደርስበትን ፍጥነት የሚመለከት ጥያቄ ነበር። እንግሊዝኛው «ፍሮም ሬስት» ይላል፤ ቃል በቃል «ከዕረፍት» ማለት ነው። ጎበዝ የምላት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንዳረፈ አልተጻፈም» አለችኝ። ክፍሉ አልሳቀም። ግማሹ ያንኑ ጥያቄ በልቡ ይዞ ነበርና። ነገሩን በአማርኛ ስነግራት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ሠርታ ጨረሰች።

ስለዚህ የማደርገውን ልናዘዝ። ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ በእንግሊዝኛ እፈትናለሁ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በእንግሊዝኛ ብቻ አወራለሁ። ያን ቀን የሚጠይቀኝ ተማሪ የለም፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ግምገማዬ ላይም «ጥሩ የክፍል አያያዝ» ተብሎ ይጻፍልኛል። እኔ በእንግሊዝኛ ማስተማሩ «ይቅር» ከሚሉት ወገን ነኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ፦
መምህር፣ ሳይደብቁ ስለነገሩን አመሰግናለሁ፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበልም። እንግሊዝኛው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ቢወጣ ከአገር አይወጣም። በግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ይቀጥላል። ያን ጊዜ የባንኩን፣ የአየር መንገዱን፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቱን በር የሚያንኳኳው ክፍያ የቻለ ሰው ልጅ ብቻ ይሆናል። መሰላሉ ይነሣ የሚሉት ሰዎች ልጆቻቸውን አስቀድመው ጣራ ላይ ያወጡ ናቸው። ይህን ስል እርስዎን ማለቴ አይደለም።

የማስተርስ ተማሪዋ፣ እንግሊዝኛ ማስተማር፦
እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ተጨፍልቋል፤ እንግሊዝኛን መማር ሌላ፣ በእንግሊዝኛ መማር ሌላ ነው። ጂም ከሚንስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ያስቀመጠው ልዩነት እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። ልጅ በጨዋታ የሚግባባበትን ቋንቋ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ ትምህርት የሚቀስምበትን፣ «ስለሆነም»ንና «ምንም እንኳ»ን የሚያመዛዝንበትን ቋንቋ ለመያዝ ግን አምስትም ሰባትም ዓመት ይፈጅበታል። እሱ ይህን ያለው ካናዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ስለሚሰሙ ልጆች ነው። የእኛ ልጅ የሚሰማው በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፣ እሱም ሳይቀር በአማርኛ ሲተረጎም።

የአገራችን ጥናትም አለ። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ አስጠንቶት እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው፣ ካትሊን ሂውና ካሮል ቤንሰን ከብርሃኑ ቦጋለና ከመኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ጋር የሠሩት ነው። በ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ምዘና ሒሳብና ሳይንስን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በእንግሊዝኛ ከተማሩት በልጠው ተገኙ። የብዙ መምህራን እንግሊዝኛ ለማስተማሪያነት እንደማይበቃም አሳይቷል።

የሒሳብ መምህሩ፣ ወሊሶ፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ ለእኔ ወገን የሚመች ስለሆነ ብቻ ግን አልጨፍርበትም። ክልልን ከክልል ያወዳድራል። አንዱ ክልል ከሌላው የሚለየው በቋንቋ ብቻ ነው? በመምህር ሥልጠና፣ በመጽሐፍ አቅርቦት፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄደው ርቀትም ይለያል። አቅጣጫውን አምናለሁ፤ መጠኑን ማንም እንዲምልልኝ አልፈልግም።

ዋናው ጥያቄዬ ይኸውና። እንግሊዝኛ ይነሣ ስትሉ በልባችሁ የያዛችሁት ምትክ አማርኛ ከሆነ በግልጽ ይነገር። እኔ የማስተምራቸው ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ናቸው። እኔም እንደ ደብረ ማርቆሱ ወንድሜ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ በአፋን ኦሮሞ አስረዳለሁ። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር እንግሊዝኛን ያቆመው ፍቅሩ አይደለም፤ የማንም ባለመሆኑ ነው። አዳማ ወይም ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ አንድ 9ኛ ክፍል ውስጥ ግቡና ቁጠሩ፤ በአንዱ መቀመጫ ላይ ሦስት አፍ ተቀምጧል።

ስሜን አልጽፍም ያለው፦
ፕላዝማው ይመለስ!

የፊዚክስ መምህሩ፦
አደራህን፣ አታስታውሰኝ። ለማያውቁት፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር። የመስኮቷ መምህር ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። ማንም አልመለሰም። እኛ መምህራን ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያ ሆነን ጥግ ላይ ቆምን። በእንግሊዝኛ ማስተማር በመልካም እንግሊዝኛ ቢሆንስ ምን ይሆናል ለሚለው መልሱ ያኔ ተገኝቷል። እንግሊዝኛው መልካም ነበር፤ የሚሰማው አልነበረም።

ስቶክሆልም ያለሁት፦
እዚህ የልጄ ጓደኞች ፊዚክስን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ የሚማሩት በስዊድንኛ ነው። እንግሊዝኛ ግዴታ የሆነ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው፣ በቃ። ሲናገሩት ግን ከእኔ ይበልጣሉ፤ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የተማርሁ ነኝ። ይህን የማያይ ዐይን የለም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ እዚያ ልጁ ፊልሙን በእንግሊዝኛ ሰምቶ ጽሑፉን በስዊድንኛ ያነባል፤ ስልኩ፣ ጨዋታው፣ ሙዚቃው እንግሊዝኛ ነው። ላስታ ወይም መንዝ ያለ ልጅ እንግሊዝኛ የሚያገኝበት ስፍራ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ካንድ ትምህርት ወደ ስድስት ያስፋፋነው ለዚህ አይደለም እንዴ? ልጅን ዋና ለማስተማር ውኃ ውስጥ ነው የሚከቱት።

የማስተርስ ተማሪዋ፦
ጥልቀቱ ከቁመቱ ሲበልጥ ዋና አይማርም፣ እትዬ። ማሌዥያ ይህንኑ ብላ እ.ኤ.አ. በ2003 ሒሳብና ሳይንስን ወደ እንግሊዝኛ አዞረች፣ በ2009 ለመመለስ ወሰነች። ናይጄሪያ ኢፌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው ሙከራ ደግሞ ልጆችን ስድስት ዓመት ሙሉ በዮሩባ አስተማረ። እነዚያ ልጆች በእንግሊዝኛም ጭምር ከሌሎቹ አላነሱም፤ በለጡ እንጂ።

የሒሳብ መምህሩ፣ ወሊሶ፦
እኅቴ፣ የኢፌዎቹ አዲስ መጽሐፍና እንግሊዝኛን ብቻ የሚያስተምር ለብቻው የተመደበ መምህር ጭምር ነበራቸው። የእኛ ክፍል ውስጥ ሁለቱም የሉም። ቋንቋ ብቻውን ተአምር ቢሠራ ኖሮ የታችኞቹን ክፍሎች አይተን በኮራን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት፣ በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔም ያልሁት ይህን ነው!

የሒሳብ መምህሩ፣ ወሊሶ፦
አይደለም እትዬ። እርስዎ ያሉት እንግሊዝኛ ይቆይ ነው። እኔ የምለው በገዛ ቋንቋው ማንበብ ያልቻለውን ልጅ እንግሊዝኛ አያድነውም ነው።

ስሜን አልጽፍም ያለው፦
በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ምን ክርክር ያስፈልገዋል?

የማስተርስ ተማሪዋ፦
በዚህ እንኳ ከእኔ ወገን አይደለህም ልልህ ነው። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ኩረጃ የሚቻልበት መንገድ ጠበበ። ቁጥሩ የእንግሊዝኛን፣ የፊዚክስንና የኩረጃን ዋጋ ደርቦ ነው የሚነግረን። ከውስጡ የቋንቋው ድርሻ የቱ እንደሆነ ማንም ለይቶ ሊያወጣው አይችልም።

በነገራችን ላይ የእኛም መስክ ጥፋተኛ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን መደርደሪያ ብትጎበኙ «የመምህራን አመለካከትና አተገባበር» በሚል ርእስ የማያልቅ ነው። መጠይቅ ይበተናል፣ መምህሩ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋል፣ እኛ መቶኛ እናወጣለን። ደብረ ማርቆስ ያሉት መምህር እዚህ የጻፉትን መጠይቅ ላይ ማን ይሞላዋል? እኔም አንዱን እንዲያ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ነበር።

ጡረተኛው፣ የመማሪያ መጽሐፍ አርታኢ የነበሩ፦
ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ቃል የለንም» የሚል ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ አልመጣም፤ ቢሆንም ልናገር። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ለፍጥነት ለውጥ «ሽምጠት» የሚል ቃል አወጣ። ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ያየ ልጅ ነገሩን በሆዱ ያውቀዋል። «ቶሎታ» አለ፣ «ጎነ ሦስት» አለ፣ «ትይዩ» አለ። ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ የጎደለው የሚጠቀምበት ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ጋሼ፣ ሽምጠትን ነገ እጠቀምበታለሁ። «ብርሃን አስተጻምሮ»ን ግን ይማሩኝ። ግእዝ ላልተማረ ልጅ «አስተጻምሮ» ከ«ፎቶሲንተሲስ» በምን ይቀርባል? ሁለቱንም ይሸመድዳል።

ጡረተኛው፦
በዚያ ልክ ነህ። የዚያን ጊዜ ኮሚቴ ውስጥ ግእዝ አዋቂ በዝቶ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈረስ አዋቂ ቢበዛ ይሻል ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦
ደስ አሰኛችሁኝ፤ ግን አሁንም አልተመለሰልኝም። መምህር፣ ያቺ ተማሪ ጥያቄውን በአማርኛ ስትሰማ ሠራችው አሉ። እርስዎ አጠገቧ ቆመው ሲያስረዷትስ ቢሆን? ምናልባት የረዳት የእርስዎ ማብራሪያ እንጂ አማርኛው አልነበረም።

የፊዚክስ መምህሩ፦
እውነት ለመናገር አስቤው አላውቅም። ሊሆን ይችላል።

የማስተርስ ተማሪዋ፦
እትዬ፣ ይህን ጥያቄ አማካሪዬ ቢጠይቀኝ ኖሮ አንድ ዓመት አላባክንም ነበር። ማወቅ ይቻላል። መምህር፣ ስንት ክፍል ያስተምራሉ? ስምንት ጥያቄ ይዘጋጅ። ለአንዱ ክፍል 1፣ 3፣ 5 እና 7 በእንግሊዝኛ፣ የቀሩት በአማርኛ ይጻፉ። ለሌላው ክፍል ተገልብጦ። ማንም ቆሞ አያብራራ። ያኔ እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ጋር ይወዳደራል እንጂ ክልል ከክልል አይወዳደርም። ለውጤት መዝገብ አይያዝባቸው፤ ወላጆችም ይነገራቸው።

የሒሳብ መምህሩ፣ ወሊሶ፦
በሁለት ክፍል አገር አይለወጥም።

የማስተርስ ተማሪዋ፦
አይለወጥም። ግን ይህ ክርክር ከተጀመረ ወዲህ ራሳችን የምናየው የመጀመሪያው ነገር ይሆናል።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ሁለት ክፍል አለኝ፣ 9ኛ «ሀ» እና 9ኛ «ሐ»። ዓርብ ይሆናል። ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳለሁ። አማርኛውን የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ እንደ እንግሊዝኛው እኩል ጥርት ያለ ካልሆነ ሙከራው ይበላሻል።

ጡረተኛው፦
ላክልኝ። መነጽሬ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እንግሊዝኛው ካሸነፈም ይጻፍልን። እንዳትደብቁ።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ይጻፋል። ጋሼ፣ መጀመሪያ ግን «ፍሮም ሬስት»ን ምን ይሉታል?

ጡረተኛው፦
ቆሞ ከነበረበት ተነሥቶ። አንተ ራስህ ከላይ የጻፍኸው እኮ ነው።

የሒሳብ መምህሩ፣ ወሊሶ፦
ስምንቱን ጥያቄ ለእኔም ላኩልኝ። በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቼ እኔም ዓርብ እሰጣለሁ። የሽምጠትን ቃል ግን ከፈረስ ጋላቢዎቻችን ራሴ እጠይቃለሁ።