የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ንድፍ፦ መሳል ለሚችል ሰው የሚቀረው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሐረግ

እንደምን ሰነበታችሁ። በግራፊክስ ዲዛይን ሥራ ላይ 4 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ጨርቅና የግድግዳ ወረቀት በመንደፍ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን፣ በብራና መጻሕፍታችን ላይ ከሚታየው ሐረግ የተነሣ ንድፍ ሠርቼ ነበር። በኮምፒውተር ላይ ያማረው ንድፍ ታትሞ ሲለጠፍ ግን አበቦቹ ተሰልፈው ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄዱ አግድም መስመሮች ሆኑ፤ ወደ ሳሎኑ የሚገባ ሰው ከሐረጉ አስቀድሞ የሚያየው መስመሮቹን ነው። ባለቤቷ በትሕትና ተቀብለውኛል፣ እኔን ግን ጉዳዩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በዚህ ሙያ የኖሩ ሰዎች ሥራውን እንዴት ተማሩት?

መልስ፦ ድርና ማግ

የሚቀረው ንድፉ የሚያርፍበትን ዕቃ ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ከእንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሞሪስ በ1834 ተወልዶ፣ ኦክስፎርድ ተምሮና በአንድ አርክቴክት ቢሮ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ፣ በ1861 ከወዳጆቹ ጋር የቤት ማስዋቢያ ድርጅት አቋቋመ። በ1862 የመጀመሪያውን የግድግዳ ወረቀት ሲነድፍ መነሻ ያደረገው በግቢው ውስጥ ጽጌረዳ የሚንጠላጠልበትን የእንጨት ርብራብ ሲሆን፣ በላዩ ያሉትን ወፎች የሣለለት ቤቱን የነደፈው አርክቴክት ፊሊፕ ዌብ ነው። ወረቀቱን በዚንክ ሰሌዳ ራሱ ለማተም ሞክሮ ስላልሆነለት ጄፍሪ ለተባለ የለንደን ማተሚያ ቤት ሰጠ፤ በዚያም እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የተቀረጸ እንጨት እየተዘጋጀለት በእጅ ይታተም ነበር። አካንተስ የተባለው የ1875 ንድፍ 30 እንጨት ጠይቋል። እንዲህ ሲሆን፣ በንድፍ ላይ አንድ ቀለም መጨመር ማለት አንድ እንጨት መቅረጽ፣ ማተም፣ ማድረቅ ማለት ነውና፣ ነዳፊው እጁን ከማንሣቱ በፊት ያስባል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ወደ ጨርቅ ከዞረ በኋላ ያደረገው ነው። በገበያ ያሉትን የፋብሪካ ቀለሞች ስላልወደዳቸው፣ በ40ዎቹ ዕድሜው፣ በግጥም ስሙ የታወቀ የድርጅት ባለቤት ሳለ፣ ሊክ በተባለች ከተማ ወደሚገኘው የቶማስ ዋርድል ማቅለሚያ ቤት እየተመላለሰ እጁ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ከዕፀዋት የሚገኙ ቀለሞችን ይነክር ጀመር። በ1881 ሜርተን አቢ ላይ፣ በዋንድል ወንዝ ዳር፣ የራሱን ሥራ ቤት ከከፈተ በኋላ ነው ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ የዕፅ ቀለም የተቃናለት። የ1883ቱ «የእንጆሪ ሌባ» የተሠራውም በዚያ ነው፤ ጨርቁ አስቀድሞ በሙሉ በኢንዲጎ ይነከራል፣ ከዚያ ንድፉ ባለበት ቦታ ሰማያዊውን የሚያወጣ ኬሚካል ይታተምበታል፣ በመጨረሻም ቀዩና ቢጫው ይጨመራል። በጨርቁ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነጭ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ሰማያዊው የወጣለት ጨርቅ ነው። በነካሪው ቤት ያልዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ንድፍ ሊያስበው የሚችል አይመስለኝም።

መልስ፦ ለጣፊው

የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ እንጀራዬ ስለሆነ ስለ መስመሮቹ ልናገር። አበባዎ በንድፉ ቁመት (ንድፉ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ባለው ርዝመት) ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ከመጣና ሁሉም ቁራጭ በእኩል ከፍታ ከተለጠፈ፣ መሰለፉ የማይቀር ነው። መድኃኒቱ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ በንድፉ ግማሽ ቁመት ዝቅ ብሎ እንዲገጥም አድርጎ መንደፍ ነው፤ አበቦቹ ያን ጊዜ በሰያፍ ይበተናሉ። የታተመውን ዝቅ አድርጎ መለጠፍ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም በቀኝ ዳር የሚወጣው ሐረግ በግራ ዳር ከሚገባው ጋር በአዲሱ ከፍታ መገናኘት አለበት።

ቁመቱንም ሲወስኑ የደንበኛውን ኪስ ያስቡ። የተለመደው ጥቅል 53 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ግድግዳው 2 ሜትር ከ45 ቢሆን፣ ማገጣጠም ከማይፈልግ ወረቀት 4 ቁራጭ ይወጣል፤ ንድፉ በየ64 ሴንቲ ሜትሩ የሚደገም ከሆነ ግን የሚወጣው 3 ብቻ ነው። ይህን ነዳፊው ቢሮው ሆኖ አያየውም፤ ደንበኛው ግን ይከፍልበታል።

መልስ፦ የሸማኔ ልጅ

ድርና ማግ የጻፉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ሞሪስን ብቻውን ማንሣት የሙያውን መንገድ ያሳጥረዋል። ጆን ሄንሪ ዲርል በ1878 በድርጅቱ ሱቅ በረዳትነት የተቀጠረ ወጣት ነበር፤ ሞሪስ ራሱ ሽመና አስተማረው፣ በ1896 ሞሪስ ሲሞትም የንድፍ ሥራውን በኃላፊነት የተረከበው እርሱ ነው። ብዙዎቹ ንድፎቹ ለረጅም ዘመን የሞሪስ እየተባሉ ኖረዋል፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የሞሪስ ልጅ ሜይ ደግሞ በ1885፣ በ23 ዓመቷ፣ የጥልፍ ክፍሉን ኃላፊነት ወሰደች። ሁለቱም ሥራውን የተማሩት ከሥራ ቤት ነው።

እኔ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ፣ አባቴ ጥለት ሲጥሉ እያየሁ ነው። ከፊታቸው ሥዕል የለም፤ ድሩን በጣታቸው ቆጥረው ስንቱን እንደሚያነሡ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ የክብ ንድፍ ሥዬ ባሳያቸው፣ «ክር አይጎብጥም፤ ደረጃ አድርገህ አምጣልኝ» አሉኝ። የክቡን ዳር በአራት ማዕዘን እየቆራረጥሁ ስሠራው ነው የጨርቅ ንድፍ ከወረቀት የሚለይበት የገባኝ። ሐረግ ሆይ፣ የሚቻልዎ ከሆነ ከአንድ ሸማኔ አጠገብ ጥቂት ሳምንት ይቀመጡ።

ሐረግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንድፌን ስለካው ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አበባው ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መስመሩ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ የመጣው ለዚህ ኖሯል። ዛሬ ሌሊት ዳርና ዳሩን በ30 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ እንደገና ሥያለሁ፤ ቅዳሜ 3 ቁራጭ አትሜ በቤቴ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የሸማኔ ልጅ፣ አባትዎ ዛሬም ይሸምኑ እንደሆነ፣ መጥቼ ከአጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቃዳቸውን ይጠይቁልኝ።