ሦስተኛው ስትራይክ ላይ ስህተት ሲፈጠር ነጥቡ በማን ይመዘገብ?

እኔና አባቴ ቤዝቦል የምናየው እርሳስና የነጥብ መመዝገቢያ ወረቀት ይዘን ነው። አሁን አንድ ሣጥን ላይ ተጣብቀናል፤ እባካችሁ እርዱን።

2 አውት ተይዟል (ሁለት ተጫዋቾች ከጨዋታ ወጥተዋል፤ ሦስተኛው ሲወጣ ኢኒንጉ፣ ማለትም የመምቻ ተራው፣ ያልቃል)። መቺው መሬት ነክቶ የመጣ ኳስ ሊመታ ሞክሮ ሳተ፤ ሦስተኛ ስትራይክ (ሦስተኛ ስቶ ያለፈው ዕድል)። ኳሱ በአየር ላይ ስላልተቀለበ መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ ሮጠ። ቀላቢው (በመመዝገቢያው ወረቀት 2 ቁጥር) ኳሱን በደረቱ አስቁሞ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ፤ እዚያ ያለው 3 ቁጥር ግን ጣለውና መቺው ደረሰ። ቀጣዩ መቺ ሆም ራን መታ (ሁሉንም ቤዝ የሚያዞር ምት)፣ 2 ነጥብ።

ስትራይክ አውቱ (በሦስት ስትራይክ ማስወጣቱ) ለወርዋሪው እንደሚቆጠር ተስማምተናል። አባቴ ‹‹ኳሱ መሬት ስለነካ ጥፋቱ የወርዋሪው ነው፤ ሁለቱም ነጥብ በእሱ ይጻፍ›› ይላሉ። ለእኔ ግን ስህተቱ የ3 ቁጥር ነው፤ ኳሱን ቢይዘው ኢኒንጉ እዚያው ያልቅ ነበር። ታዲያ ሆም ራኑስ ከወርዋሪው ላይ ይነሳለታል? ሣጥኑ ውስጥስ ‹‹ኬ›› (የስትራይክ አውት ምልክት) እና የስህተቱ ምልክት አብረው ይጻፋሉ?