ቤታችንን ለቅቀን በሸራ ጀልባ ላይ ልንኖር ነው፤ ከመፈረማችን በፊት ምን እንይ?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሦስት ዓመት ሲያልመው የኖረው ነገር በመጨረሻ እኔንም አሸነፈኝ። ቤታችንን ሸጠን ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችንና ከአራት ዓመት ወንድ ልጃችን ጋር በሸራ ጀልባ ላይ ለመኖር ወስነናል። ያገኘናት ጀልባ 11.6 ሜትር ርዝመት አላት፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ አካሏ ፋይበርግላስ የሆነ ናት። ሻጩ «ሁሉም ነገር እንደ ተሠራች ነው፤ ምንም አልተነካካም» እያለ ያሞግሳታል። ሸራ መዘርጋቱንና መሰብሰቡን ሁለታችንም ተምረናል፤ በጀልባ ላይ ግን ከሦስት ሌሊት በላይ አድረን አናውቅም።

ቤቱን እንሽጥ ወይስ እናከራይ? ጀልባዋን ስንመረምር ምን ላይ እናተኩር? ትንሹ ልጅ አንድ ቦታ መቀመጥ የማያውቅ ነው፤ እንዴት ይጠበቃል? የመጨረሻው ትንሽ ያሳፍራል፤ ስለ መጸዳጃው ነው። ባለቤቴ «ቀላል ነው» ከማለት በቀር አላስረዳኝም።

መልስ (የጀልባ መካኒክ)

እህቴ፣ «ምንም አልተነካካም» ለዚህ ዕድሜ ጀልባ ሙገሳ አይደለም። ምሰሶውን ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ወጥረው የያዙትን የብረት ሽቦዎች አስቡ። ብዙ የመድን ድርጅቶች እነዚህ ሽቦዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጡ ይፈልጋሉ። የእናንተዎቹ ከ1987 ጀምሮ እዚያው ከሆኑ በምሰሶው መቆም ነው የምገረመው። ሽቦው ሲያብረቀርቅ አይታችሁ አትታለሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ጫፉ ላይ፣ ወደ ብረት እጀታው በሚገባበት ቦታ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ያዙና እዚያ ላይ ዙሪያውን ጥረጉ፤ ከጨርቁ ክር የሚመዝዝ ነገር ካለ ሽቦው ከተገመደባቸው ቀጫጭን ዘለላዎች አንዱ ተበጥሷል። እጃችሁን ግን ጠብቁ፤ እንደ መርፌ ይወጋል።

ከውኃ ወጥታ ሳታዩአት አትግዙ። መርማሪውን ባለሙያ ራሳችሁ ቅጠሩት፤ ደላላው የሚያመጣላችሁን አትቀበሉ። በትንሽ መዶሻ አካሏን ሲያንኳኳ አብራችሁት ቁሙ፤ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውኃ የገባበት ወይም ውስጡ የተላቀቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ከውኃው ወለል በታች ያሉትን ቫልቮች አንድ በአንድ በእጃችሁ ክፈቱና ዝጉ። የማይዞር ቫልቭ እንደሌለ ይቆጠራል። በየአንዳንዱ አጠገብ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ መገኘት አለበት። ሞተሩን ደግሞ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱት፤ ስትደርሱ ሻጩ አሙቆት ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ለዓመት ጥገና የጀልባዋን ዋጋ አንድ አሥረኛ ያዙ የሚል የቆየ ልማድ አለ። በርካሽ የተገዛች አሮጌ ጀልባ ላይ ግን አይሠራም። ሽቦና ሸራ የሚሸጠው በመጠኑ ነው፤ እናንተ በስንት እንደገዛችኋት አያውቅም።

መልስ (ከ14 ወር በኋላ የተመለሰ)

ቤቱን አትሽጡ፤ ለአንድ ዓመት አከራዩት። እኛ ሸጠን ወጣን፤ ስንመለስ ገንዘቡ ለግማሽ ቤት እንኳ አልበቃም። ሰው ማዕበል አስመለሳቸው ብሎ ያስባል፤ እኛን ያስመለሰን እርጥበት ነው። አራት ሰው በጠባብ ክፍል ተኝቶ ሲተነፍስ ያድራል፤ ውጭው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንፋሹ ጣሪያው ላይ ጠል ሆኖ ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ቀን የልጆቹን ፍራሽ ሳነሣ ከሥሩ የተኙበት ቅርጽ ልክ በጥቁር ሻጋታ ተስሎ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ባለቤቴን ማሳመን አልቻልኩም።

ሌላው፣ ለመድን ድርጅቱ «በጀልባዋ ላይ እንኖራለን» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ለመዝናኛ ተብሎ የተገባ ውል ጉዳት ሲደርስ ላያገለግላችሁ ይችላል። በቆመ ጀልባ ላይ መኖርን የማይፈቅዱ ወደቦችም አሉ፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መልስ (ስድስተኛ ዓመቱን በጀልባ የያዘ አባት)

ከወንድሜ ጋር በእርጥበቱ እስማማለሁ፤ በቤቱ ግን አልስማማም። እኛ በመጀመሪያው ዓመት አከራይተን ነበር፤ ከወደብ ሁለት ቀን ርቀን ሳለን «ቧንቧው ፈንድቷል» የሚል መልእክት ደረሰን። ሸጥነውና አረፍን። ይሁን እንጂ ከሽያጩ ገንዘብ አንድ ድርሻ ለመመለሻ ብለን አስቀመጥን፤ እስካሁን አልነካነውም።

ስለ ትንሹ ልጅ። በጀልባዋ ዙሪያ ባለው የሽቦ አጥር ላይ ከታች እስከ ላይ መረብ ወጥሩ። መረብ ግን አሻንጉሊትን እንጂ ልጅን ያቆማል ብላችሁ አትተኙ። የሚንሳፈፍ ጃኬቱ አንገትጌ ያለውና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ማሰሪያው ከሌለ ውኃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ ወደ ታች ይቀራል። ጸጥ ባለ ውኃ ላይ አልብሳችሁት አብራችሁት ግቡና ሞክሩት። ስትጓዙ ከጀልባዋ ጋር በአጭር ማሰሪያ ይታሰር። እኛ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ ከውስጠኛው ክፍል ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ጃኬት ለብሶ ይወጣል፤ አባትም ጭምር። አባት ሲጥሰው ልጅ ያያል።

መጸዳጃው እውነትም ቀላል ነው፤ ባለቤትዎ ያልነገሩዎት ቫልቩን ነው። መቀመጫው ብዙ ጊዜ ከውኃው ወለል በታች ስለሚሆን ቫልቭ ክፍት ተረስቶ ከታደረ ባሕሩ ራሱ ሊገባ ይችላል። ለልጆቹ የትኛው እጀታ ወዴት እንደሚዞር በቀለም ምልክት አድርጉላቸው። ተበልቶ ካልመጣ በቀር ምንም አይጨመርበት፤ ወረቀቱም በቅርጫት ይሁን። በባሕር ዳርቻ አቅራቢያ በብዙ ቦታ ወደ ውኃ መልቀቅ ክልክል ስለሆነ ማጠራቀሚያ ታንክ መኖሩን አረጋግጡ።

የሚጠጣ ውኃንም አስሉት። ታንኩ 400 ሊትር ቢሆንና እያንዳንዳችሁ በቀን 20 ሊትር ብትጠቀሙ በአምስተኛው ቀን ያልቃል። ሳህን በባሕር ውኃ ታጥቦ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቃለቃል፤ ልጆቹ በሳምንት ይለምዱታል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፍራሹ ነገር አስደንግጦኛል። መፍትሔ የለውም ማለት ነው? ደግሞ ምድጃው በጋዝ ነው፤ ልጆች ከሚተኙበት ሁለት እርምጃ ይርቃል።

መልስ (ከ14 ወር በኋላ የተመለሰ)

አለው፤ እኛ ዘግይተን ነው ያወቅነው። ፍራሹን ከጣውላው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ከሥሩ አንጥፉ፣ ጠዋት ጠዋት አንሥታችሁ አቁሙት። ስታበስሉ መስኮት ይከፈት።

መልስ (የጀልባ መካኒክ)

የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሲሊንደሩ ለብቻው ታሽጎ፣ ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። አብስላችሁ ስትጨርሱ ምድጃው ላይ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩ ላይም ዝጉ። የጋዝ ማስጠንቀቂያውን ከወለሉ አጠገብ ግጠሙ፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በመኝታው በኩል ሌላ።

ጠያቂዋ (ከሦስት ቀን በኋላ)

ጨርቅ ይዘን ሄድን። ከኋላ ባለው ሽቦ የታችኛው ጫፍ ላይ ክሩ ተመዘዘ። ሻጩ «አንድ ዘለላ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አሉ» አለን።

መልስ (የጀልባ መካኒክ)

ሽቦው የ19 ዘለላ ከሆነ የቀሩት 18ቱም ያንኑ ያህል ዓመት አገልግለዋል። የሙሉ ሽቦ መለወጫውን ዋጋ በጽሑፍ አስወጡና ከመሸጫው ላይ ይቀነስ በሉት። እምቢ ካለ ተዉለት። ከተስማማም ሽቦው ሳይለወጥ ሸራ እንዳትዘረጉባት፤ ወደ ሌላ ወደብ መወሰድ ካለባት በሞተር ትሂድ።

ጠያቂዋ

ዋጋውን ዛሬ ጠይቀናል። ቤቱን ለአንድ ዓመት ልናከራየው ነው፤ ቧንቧ ቢፈነዳ እህቴ ቅርብ ናት። ባለቤቴ ማታ ማታ የመጸዳጃውን ቫልቭ ሥዕል እየሣለ ነው፤ ለልጆቹ ነው ይላል።