4 ሰዓት ስቱዲዮ ይዘናል፤ እንዴት እንዘጋጅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድምፃዊት ነኝ። ከክራርና ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮ ለ4 ሰዓት ይዘናል። ቀጠሮው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። የምንቀዳው ሁለት ዘፈን ሲሆን አንዱ በትዝታ፣ ሌላው በባቲ ቅኝት ነው። የባቲው ፈጠን ያለ የችክችካ ምት ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ገብተን ግማሹ ሰዓት ክራር ሲቃኝ አለቀ። ገንዘቡ ከሠርግ ሥራ ያጠራቀምነው ነው፤ ዘንድሮም እንዲባክን አልፈልግም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ (ክራር ተጫዋች)፦
እህቴ፣ ክሩ ያረጀ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትሉ ቀይሩት። አዲስ ክር እስኪለምድ ይላላል። ቅዳሜ ጠዋት ከቀየራችሁት በየዘፈኑ መሀል መቃኘታችሁ ነው። አሁን ተቀይሮ በየቀኑ ከተመታ ግን ይረጋጋል።

ሌላው የቅኝቱ መነሻ ድምፅ ነው። «ትዝታ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ከሲ (C) ይነሳ ወይስ ከዲ (D)? ለአንቺ ድምፅ የሚመቸውን ዛሬውኑ ወስኑ። ክራሩም ማሲንቆውም በስልክ ቲዩነር (መቃኛ መተግበሪያ) ይቃኙ፤ ሁለቱም ስልክ ላይ የኤ (A) ድምፅ መለኪያው 440 ኸርዝ መሆኑን እዩ።

ከትዝታ ወደ ባቲ ስትሻገሩ ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት። ያለፈው ዓመት ሰዓታችሁም የበላው ይኼ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛ ክራር ተዋሱና አንዱን በትዝታ፣ አንዱን በባቲ ቃኝታችሁ ግቡ። ካልተገኘ አንዱን ዘፈን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ።

መልስ (ድምፅ ቀጂ)፦
ችክችካውን ከሜትሮኖም (ምት ከሚቆጥር መሣሪያ) ጋር ተለማመዱ። ሜትሮኖሙን 6/8 (ስድስት ስድስት የሚቆጠር ምት) ላይ አድርጉት። በ4/4 ከለመዳችሁት ስቱዲዮ ስትገቡ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው የምት ድምፅ (ክሊኩ) ያምታታችኋል። የሚመቻችሁን ፍጥነት በቁጥር ጻፉ። ከዚያ ሁለቱንም ዘፈን በስልክ ቅዱና ከነቁጥሩ ለቀጂው ቀድማችሁ ላኩለት፤ አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ጄኔሬተር እንዳላቸውም ጠይቁ። መብራት ቢጠፋ ሰዓቱ ይቆጠርባችኋል? ይኼን ቀብድ ሳትከፍሉ ተነጋገሩ። ስትወጡ ደግሞ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ድምፅሽን ለየብቻ በ24 ቢት ዌቭ (ጥራቱ ያልተቀነሰ የድምፅ) ፋይል በሃርድ ዲስክ ተቀበሉ። ኤምፒስሪ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ በኋላ ሚክስ ለማድረግ (ድምፆቹን አመጣጥኖ ለማዋሃድ) አይሆንም።

መልስ (ድምፃዊት)፦
እኔ የምለምንሽ ዓርብ ማታ ሥራ እንዳትይዢ ነው። በደከመ ጉሮሮ አትግቢ። ግጥሙን በትልልቅ ፊደል አንድ ገጽ ላይ ጻፊው፤ ወረቀት ሲገለጥ ማይኩ ይሰማዋል። አምባርሽንም ቤት ተይው። እኔ አንድ ጊዜ የብር አምባር አድርጌ ገባሁ። በጣም የወደድኩት ቴክ (የአንድ ጊዜ ቅጂ) ላይ ሲንቃጨል ተሰማ። አሥር ጊዜ ደገምኩት፤ ያ ስሜት ግን አልመጣልኝም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛ ክራር የሚያውሰን አግኝተናል። ለማሲንቆውስ ምን እንያዝ?

መልስ (ክራር ተጫዋች)፦
ለደጋኑ ዕጣን ያዙ። ካልተቀባ ጭራው ክሩን አይዝም፣ ድምፁም ይሳሳል። መጠባበቂያ የፈረስ ጭራም ይኑራችሁ፤ ስቱዲዮ አካባቢ ፈልጋችሁ አታገኙትም።