ዉድዋርድ ላይ ከመብራት እስከ መብራት፦ በዚያ ዘመን የነበራችሁ ንገሩኝ

የመኪና ፍቅር

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ነሐሴ ዲትሮይት ሄጄ በዉድዋርድ ጎዳና የሚደረገውን የድሮ መኪኖች ጉዞ አየሁ። ከ1995 ጀምሮ የሚካሄድ ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መስል ካር የሚባሉት የ1960ዎቹ ጉልበተኛ መኪኖች እንደ ሙሽራ አጊጠው፣ ከእግረኛ እምብዛም ሳይፈጥኑ ያልፋሉ። መንገድ ዳር በተጣጣፊ ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ይህ መልኩ ብቻ ነው፤ ድምፁን መስማት ነበረብህ» አሉኝና ሌላ ሳይጨምሩ ዝም አሉ። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። በ1960ዎቹ ወጣቶች እዚሁ ጎዳና ላይ ከመብራት እስከ መብራት ይሽቀዳደሙ ነበር ይባላል፤ ውድድሩ እንዴት ይጀመር ነበር? ማን ከማን ይገጥም ነበር? ያ ድምፅስ ምን ዓይነት ነበር?

አሮጌው ቤንዚን ቀጂ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እነግርሃለሁ።

በ1968 መጸው ለትምህርት ወደ ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጣሁ። የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ታይገርስ ዋንጫ ያነሣበት ወቅት ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከዲትሮይት በስተሰሜን ባለችው ፈርንዴል ከተማ ውስጥ፣ ከዘጠኝ ማይል መንገድ ትንሽ ከፍ ብሎ በሚገኝ የነዳጅ ማደያ ቤንዚን እቀዳ ነበር። ዉድዋርድ ከዲትሮይት መሀል ተነሥቶ እስከ ፖንቲያክ ከተማ 27 ማይል ያህል ይዘልቃል። የዲትሮይት የሰሜን ወሰን ከሆነው ከስምንት ማይል መንገድ በስተሰሜን ግን ሌላ ጎዳና ይሆናል፦ መሀሉ ሣር የበቀለበት ሰፊ አካፋይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ አራት አራት መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ በየርቀቱ መብራት። ወጣቶቹ ከቶተም ፖል ምግብ ቤት እስከ ቴድስ ምግብ ቤት ድረስ ይወጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ።

አጀማመሩ ንግግር አያስፈልገውም። ሁለት መኪኖች ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ ቤንዚኑን ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ሌላው ከመለሰ ግጥሚያ አለ፤ ዝም ካለ የለም፣ ማንም አይቀየመውም። ዓይናቸው በራሳቸው መብራት ላይ አይደለም። የተሻጋሪው መንገድ መብራት ቢጫ ሲሆን በጎን አይተው ፍሪሲዮን ለመልቀቅ ይዘጋጃሉ። ከዚያ 400 ሜትር ገደማ፤ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት ሰከንድ። በገንዘብ የሚወራረዱት እዚህ አይገጥሙም ነበር፤ በምግብ ቤቶቹ ተቀጣጥረው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወደ 75 ቁጥር አውራ ጎዳና ይሄዱ ነበር።

ድምፁን በተመለከተ፦ ቤንዚን ቀጂ መኪና የሚያውቀው ሞተሩ ሲነሣ ነው። የክራይስለር ኩባንያ መኪኖች ሞተሪኖ በውስጡ ማርሽ ስላለው እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ነበረው። ጀርባዬን ሰጥቼ መስተዋት እየጠረግሁ እንኳ ፕሊማውዝ ወይም ዶጅ መሆኑን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አውቅ ነበር። የተሳለ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተገጠመለት ሞተር ደግሞ ቆሞ እንኳ አያርፍም፤ እንደሚያነክስ ፈረስ ይረግጣል፣ መሬቱን በጫማህ ሶል ትሰማዋለህ። ከሁሉ የምወደው ግን ሦስት ካርቡራቶር ያለውን የ1966 ፖንቲያክ ጂቲኦ ነበር። ቀስ ብለህ ስትነዳው መካከለኛው ብቻ ይሠራል። እስከ ወለሉ ስትረግጠው ሁለቱ የዳር ካርቡራቶሮች ይከፈቱና ድምፁ ከኋላ ከማርሚታው ወደ ፊት ይዞራል፤ አየር ሲጎርስ ትሰማዋለህ። የሞተሩ መጠን 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ጉልበቱ 360 የፈረስ ጉልበት።

እንዲህ ያለ መኪና የነበረው ደንበኛ ነበረኝ። የፖላንድ ተወላጅ፣ የሐምትራምክ ልጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት። መቅጃችን በቁጥር የሚዞር ነበር፤ ከ190 እስከ 260፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቤንዚኑም ይጠነክራል። እርሱ ሁልጊዜ 260። ከተማዋ በ1967 ሐምሌ በዐመፅ ተቃጥላ አርባ ሦስት ሰው ሞቶባት ነበርና ስምንት ማይልን ተሻግሮ በነጮች ሰፈር የሚሠራ ጥቁር ሰው በበጎ ዓይን ብቻ አይታይም። ነጩ ባልደረባዬ እስኪመጣ መስኮታቸውን ዘግተው የሚጠብቁኝ ደንበኞች ነበሩ። ይህ ልጅ ግን በመጀመሪያው ምሽት ኮፈኑን ከፍቶ «ና፣ ስማ» አለኝ።

አንድ ምሽት ማደያውን ስዘጋ አሳፈረኝ። አሥራ አንድ ማይል መብራት ላይ አንድ ፕሊማውዝ ሮድ ራነር ከጎናችን ቆመ። የፋብሪካ ታርጋ ያለው፤ ነጂው ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ። የመኪና ፋብሪካ መሐንዲሶች ቀን የሠሩትን ማታ እዚያው መጥተው እንደሚሞክሩት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጁ ሁለት ጊዜ ረገጠ። ጎልማሳው መለሰ። ስንነሣ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ጎማው ሲቃጠል ጭሱ በመስኮት ገባ፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ግማሽ መኪና ቀድመን ነበር። ሦስተኛውን ሲያስገባ ማርሹ አልገባ አለ። ብረት በብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ያቺ ቅጽበት በቃች፤ የፕሊማውዙን የኋላ መብራት አየን።

በሚቀጥለው መብራት ጎልማሳው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ዲፈረንሻልህ ስንት ነው?» ልጁም «3.90» አለው፤ የኋላ ጎማው አንዴ እስኪዞር ከማርሹ የሚመጣው ዘንግ 3.90 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጁ እስከ ቤቴ በር ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሞተር ፈቺ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ስለ ፈረስ ጉልበቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጣቶች ቁጥሩን እያዩ ስለሚከራከሩ። እስከ 1971 ድረስ አሜሪካኖቹ ሞተሩን የሚለኩት ከመኪናው አውጥተው፣ ያለ ማርሚታና ያለ አየር ማጣሪያ ነበር። ከ1972 ጀምሮ እንደ ተገጠመ ይለካ ጀመር። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከወረደው ቁጥር ከፊሉ የወረቀት ለውጥ ነው። ሞተሩ ራሱም ግን ደክሟል፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1971 እርሳስ በሌለው ወይም ባነሰው ቤንዚን እንዲሠሩ ብሎ የሞተሮቹን ሁሉ እመቃ (ኮምፕሬሽን) ቀንሶ ነበር።

የመንገድ ዳር ልጅ

አባቴ፣ ጽሑፍዎ ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ታላቅ ወንድሜ በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ግጥሚያ ለማየት እግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ እያለ አንዷ መኪና መስመሯን ስታ መታችው። ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። እነዚያ ሌሊቶች በእርስዎ በኩል ሙዚቃ ናቸው፤ በእኛ ቤት ግን አይወሱም።

አሮጌው ቤንዚን ቀጂ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ያጽናው። ያልሽው እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ያ ጂቲኦ በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ነበረው፤ አንዴ ከሞቀ አይዝም። አንድ ቅዳሜ ማታ ሌላ መኪና መብራቱ ላይ ማቆም አቅቶት የአውቶቡስ መጠበቂያውን አግዳሚ ወንበር ሰባብሮ ሄደ። ማንም አልተቀመጠበትም ነበር። የረገፈውን የመኪና መስተዋት በማደያው መጥረጊያ የጠረግሁት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ በየምሽቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቆሜ ጠበቅሁ።

የመኪና ፍቅር፣ ልጁ ምን ሆነ ብለህ ሳትጠይቀኝ አትቀርምና ልጨርስልህ። የዉድዋርድን ሌሊቶች ፖሊስ አበረዳቸው የሚሉ አሉ። ፖሊስ በየምሽቱ ነበር፤ ቅጣት ይጽፋል፣ እነርሱም ይከፍላሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ኢንሹራንሱን ነው። ለወጣት ወንድ፣ ለጉልበተኛ መኪና ተጨማሪ ክፍያ መጣ። ልጁ በ1970 ክረምት የኢንሹራንሱን ወረቀት መቅጃው ላይ ዘርግቶ አሳየኝ፤ ከመኪናው ወርሃዊ ዕዳ ይበልጥ ነበር። «ፋብሪካው በትርፍ ሰዓት ቢያሠራኝም አልችለውም» አለ።

ለብዙ ሳምንታት ጠፋ። ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ አንዲት ረጅም የቤተሰብ መኪና፣ የእናቱ ፕሊማውዝ፣ ወደ ማደያው ገባች። ከኋላ ወንበሩ ላይ የአስቤዛ ከረጢት ነበር። እጄ ከልማድ የተነሣ ቁጥሩን ወደ 260 አዞረችው። «አይ፣ 190 አድርገው» አለኝ። መለስኩት። ቀዳሁ፤ ከፈለኝ። ቁልፉን ሲያዞር ያ ፉጨት፣ ያ የክራይስለር ሞተሪኖ፣ በባዶው ማደያ ውስጥ ጮኸ። ሁለታችንም ሰማነው። እጁን ከቁልፉ ሳያነሣ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መብራቱን አብርቶ ቀስ ብሎ ወደ ደቡብ ወጣ።