የውሃ ሞተሬ ጥሩ እየሠራ ቆይቶ ይጠፋል፤ ሽንኩርቱ ሊደርቅብኝ ነው

ሽንኩርት አምራች (ሸዋ ሮቢት)
ሰላም ወገኖች። ከሮቢ ወንዝ ውሃ የምስብበት ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ አለኝ። ጠዋት በአንድ ጉተታ ይነሳል፣ ውሃውንም አሳምሮ ይገፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይልና ጭጭ ይላል። ወዲያው ብጎትተው አይነሳም። አረፍ ካለ በኋላ ግን ምንም እንዳልነካው ይነሳል። አንድ ሠራተኛ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበው፣ ካንዴላውን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ፒስተኑ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» እያለኝ ነው። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረበት ሰዓት ስለሆነ አሁን ውሃ ካጣ የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሞተር ጠጋኝ (አጣዬ)
ወንድምዓለም፣ ሞተሩን እንዳታስወርድ! ፒስተኑ ያለቀ ሞተር ጠዋት በአንድ ጉተታ አይነሳም፤ ገመዱ ሲጎተት ልል ይሆናል፣ ሰማያዊ ጭስም ያጨሳል። አንተ ከነገርከን ሁሉ ትልቁ ነገር «ከፍ ዝቅ ይላል» ያልከው ነው። የካንዴላው እሳት ሲቋረጥ ሞተር ድንገት ቀጥ ይላል። እየዋዠቀ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ሲያጥረው ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የታንከሩን ክዳን ነው። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ የሚገባውም በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ ታንከሩ ውስጥ ይታገትና ካርቡሬተሩ ይደርቃል። ሞተሩ ሲያርፍ አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል፣ ቤንዚኑም ይወርዳል። ለዚህ ነው አርፎ የሚነሳልህ።

ምርመራው ግን በጠፋበት ቅጽበት ነው መሆን ያለበት። ከቀዘቀዘ በኋላ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ሠራተኛውም ያላገኘው ለዚህ ይሆናል። ልክ ጭጭ እንዳለ ክዳኑን ላላ አድርገው። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ትንሽ ቆይቶ ከተነሳ በሽታው ተገኘ። ክዳኑን ገልብጠህ ውስጡን እይ፤ ቤንዚን እንዳይረጭ ብለው ፌስታል ወይም ቁራጭ ከመነዳሪ የሚወትፉበት አሉ። ክዳኑን ክፍት ትተህ ግን በፍጹም እንዳትሠራ፤ ቤንዚኑ የጋለ ማርሚታ (የጭስ መውጫው) ላይ ከተረጨ እሳት ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ በረድ ሲል ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለህ ቤንዚኑ ወፈር ብሎ እንደሚወርድ እይ። ቀጥኖ ከወረደ ከታንከሩ ስር ያለችው ወንፊት ቆሽሻለች። በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ዝቃጭ አያጣም፣ አጥልለህ ጨምር።

ጀውሃ ዳር
በወንዙ ዳገት ላይ አዘንብለህ ካስቀመጥከውም ይጠፋል። የዘይት መቆጣጠሪያ ያለው ሞተር ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ራሱን ያጠፋል። የእኔ እንደዛ ነበር፤ ከስሩ አፈር ደልድዬ ሜዳ ሳደርግለት ዳነ። ግን የእኔ ቀጥ ነበር የሚለው እንጂ አይዋዥቅም።

ሽንኩርት አምራች (ሸዋ ሮቢት)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ልክ እንዳሉት ክዳኑን ሳላላው ፍስስ አለና ተነሳ። ከውስጥ ከመነዳሪ ተቆርጦ ገብቶበታል፤ ከሸጠልኝ ሰው ጋር የመጣ ነው። አውጥቼ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ከፍቼ ዘጋሁት። ይሄው ውሃው ከማሳው ጫፍ ደርሷል።

በሬሳ ዳር (ደብረ ብርሃን)
ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ከቀወት፣ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ያመጣሁት ፓምፕ እዚህ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ወርዷል። ውሃም እንደ ድሮው አይስብም።

ሞተር ጠጋኝ (አጣዬ)
ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። በየ300 ሜትሩ የሞተሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ይጠቁራል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ። ካልተሻለው የካርቡሬተሩን ጀት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቡሎን) ቀዳዳው ጠበብ ባለ አስቀይር። ፓምፑንም ወደ ውሃው አስጠጋው፤ ደጋ ላይ ከ5 ሜትር ጥልቀት በላይ እንዲስብ አታስገድደው። ወደ ቀወት መልሰህ ስታወርደው ግን የድሮውን ጀት መልስለት፤ በጠባቡ ጀት ቆላ ላይ ከሠራ ቤንዚን እያጠረው ይግልና ሞተሩ ይጎዳል።